«ኔትወርክ የለም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ኔትወርክ የለም» ቢያንስ አምስት የተለያዩ ብልሽቶች የሚጠሩበት የጋራ ስም ነው። ኬብል ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ኬብሉ ደህና ሆኖ ኮምፒውተሩ አድራሻ አላገኘ ይሆናል። አድራሻ አግኝቶም መውጫ በሩን አያውቀው ይሆናል። መውጫውን አውቆ ስም ወደ ቁጥር የሚቀይርለት ያጣም አለ። ወይም በዚህ በኩል ሁሉም ተሟልቶ ችግሩ ያለው ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከሰርቨሩ ዘንድ ነው። ለተጠቃሚው አምስቱም አንድ ናቸው፤ ገጹ አልከፈትም አለ። መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። ራውተር አጥፍቶ ማብራት አንዳንዴ ተአምር የሚሠራው፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም የማይፈይደው ለዚህ ነው።

የኔትወርክ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ኦኤስአይ በተባለው ሞዴል ያሉትን የኔትወርክ ሥራ ሰባት እርከኖች በቃል በመሸምደድ ነው። ለፈተና ይበጅ ይሆናል፤ ኬብል ይዞ ለቆመ ሰው ግን ብዙ አይረዳውም። እሱን የሚረዳው እያንዳንዱ ደረጃ የሚመልሰውን ጥያቄ ማወቅ ነው። ምልክቱ ያልፋል? ጎረቤቴ ማን ነው? ሩቅ ላለው በየት በኩል ልውጣ? ይህ ስም ቁጥሩ ስንት ነው? እዚያ ስደርስ የሚቀበለኝ ፕሮግራም የትኛው ነው? የታችኛው ጥያቄ ሳይመለስ የላይኛው አይመለስምና እኛም ከታች እንነሣ።

ሽቦው

የተለመደው የኔትወርክ ኬብል በውስጡ 8 ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጠምዝዘው 4 ጥንድ ይሆናሉ። መጠምዘዛቸው ለውበት አይደለም። የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች አንዱን ምልክት ይሸከማሉ፤ አንዱ ቀጥታውን፣ ሌላው ግልባጩን። ተቀባዩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ነው። ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ፣ ለምሳሌ አጠገብ ካለፈ የመብራት መስመር የሚመጣ፣ ተጠምዝዘው አብረው የሚሄዱትን ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ልዩነቱ ሲሰላ ይጠፋል። ሽቦዎቹ በተፈቱበት ቦታ ይህ መከላከያ የለም። ስለዚህ ጫፍ ሲታሰር የሚፈታው ርዝመት ከ13 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም።

ጫፉ ላይ የሚገባው ግልጽ ፕላስቲክ አርጄ 45 ይባላል። ለማሰር የውጭውን ልባስ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ግፈፉ፤ ምላጩ የውስጦቹን ሽቦዎች እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከዚያ በዚህ ተርታ ደርድሩ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። የፕላስቲኩ ምላስ ወደ ታች፣ የኬብሉ መግቢያ ወደ እናንተ ሲሆን አንደኛው ሽቦ በግራ በኩል ነው። ጫፎቹን በአንድ ጊዜ እኩል ቆርጣችሁ አስገቡ፤ ስምንቱም የፕላስቲኩን ግንብ ነክተው በፊት ለፊት መታየት አለባቸው። የውጭው ልባስም ወደ ውስጥ ገብቶ መያዣው ከላዩ ሊነክሰው ይገባል። ልባሱ ውጭ ከቀረ ኬብሉ በተጎተተ ቁጥር የሚሳበው ቀጭኑ ሽቦ ነው፤ ዛሬ የሠራ ከወር በኋላ «አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል» ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያታልል ስሕተት አለ። ቀለሞቹን ጥንድ በጥንድ፣ ብርቱካናማውን ከነነጩ፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን ከነነጩ፣ ከዚያ ሰማያዊውን፣ ከዚያ ቡናማውን፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት አድርገው ያስራሉ። ርካሹ መፈተሻ ስምንቱንም መብራት በየተራ ያበራና «ደህና ነው» ይላል። ደህና ግን አይደለም። መሣሪያዎቹ 3ኛውንና 6ኛውን ሽቦ እንደ አንድ ጥንድ ይጠቀማሉ፤ በዚህ አስተሳሰር ደግሞ 3ኛው ከአንዱ ጥምዝ፣ 6ኛው ከሌላው ጥምዝ ነው። ረብሻን የሚያጠፋው ዘዴ ፈረሰ ማለት ነው። በ2 ሜትር ኬብል ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ በ40 ሜትር ላይ ግን ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ፓኬትም (ተቆራርጦ የሚላከው የመረጃ ጥቅል) ይጠፋል። የአንድ ሽቦ መድረስ አለመድረሱን ብቻ የሚያይ መፈተሻ ይህን አያገኘውም።

ርዝመቱ ከመሣሪያ እስከ መሣሪያ ቢበዛ 100 ሜትር ነው፤ በተለምዶ 90 ሜትሩ በግድግዳ ውስጥ፣ 10 ሜትሩ በሁለቱ ጫፍ ለሚሰኩት አጫጭር ኬብሎች ይታሰባል። ካት 5ኢ የተባለው የኬብል ደረጃ በዚህ ርዝመት 1 ጊጋቢት በሰከንድ ይሸከማል። ካት 6 እስከ 55 ሜትር ድረስ 10 ጊጋቢት ይችላል፤ ሙሉውን 100 ሜትር በ10 ጊጋቢት ለመሄድ ካት 6ኤ ያስፈልጋል። ሲገዙ ከቁጥሩ ሌላ የሚታይ ነገር ቢኖር ሽቦው ሙሉ መዳብ መሆኑ ነው። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ይረክሳል፣ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ኤሌክትሪክም የሚያባክነው ይበዛል፤ ካሜራ ወይም አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚረጨው መሣሪያ) በዚያው ኬብል ኃይል እንዲያገኝ ከተፈለገ ይሞቃል።

አንድ ጠቃሚ ምልክት ልብ በሉ። 100 ሜጋቢት የሚጠቀመው 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 6ኛ ሽቦዎችን ብቻ ነው። 1 ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። ሁለቱም መሣሪያዎች ጊጋቢት ሆነው ኮምፒውተሩ «100» ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የቀሩት አራት ሽቦዎች ናቸው። ብዙ መሣሪያዎች አንዱ ሲቋረጥ ዝም ብለው ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ጭራሽ የማይገናኙም አሉ።

ስዊች ጎረቤቶቹን እንዴት ያውቃል

እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ 48 ቢት ርዝመት ያለው ማክ አድራሻ አለው። በ12 ምልክቶች ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ለአምራቹ የተሰጠ ቁጥር ሲሆን ሁለተኛውን ግማሽ አምራቹ ራሱ ይሰጣል። (የዘመኑ ስልኮች ዋይፋይ ላይ ሲገቡ እውነተኛውን ደብቀው የዘፈቀደ ማክ ያሳያሉ። በማክ አድራሻ ሰው የሚያግዱ ሰዎች ድካማቸው ከንቱ የሚሆነው አንድም በዚህ ነው።)

ስዊች፣ ማለትም የአንድ አካባቢ መሣሪያዎችን በኬብል የሚያገናኘው ሣጥን፣ ሥራ ሲጀምር ማንን የት እንደሚያገኝ አያውቅም። የሚማረው ከላኪው ነው፤ ከ3ኛው ቀዳዳ የገባ ፍሬም (በኬብሉ ላይ የሚሄደው ጥቅል) ላይ የላኪውን ማክ አይቶ «ይህ በ3 በኩል ነው» ብሎ ይመዘግባል። ለዚያ ማክ የሚላክ ሲመጣ በ3 ብቻ ያወጣዋል። የማያውቀው ተቀባይ ሲሆን ደግሞ ከመጣበት በቀር በሁሉም ቀዳዳ ይረጨዋል፤ ባለቤቱ ሲመልስ ያን ጊዜ ይመዘግበዋል። ለጥቂት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ደቂቃ፣ ድምፁ ያልተሰማ ከመዝገቡ ይሰረዛል።

ይህ ቀላልና ብልህ አሠራር አንድ ክፉ ድክመት አለው። አንድ ሰው ኬብል ወድቆ አግኝቶ በቅን ልቦና ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ቢሰካ ወይም ሁለት ስዊቾችን በሁለት ኬብል ቢያገናኝ፣ ለሁሉም የተላከ ፍሬም ይዞራል፤ ዞሮ ይባዛል፣ ተባዝቶ እንደገና ይዞራል። ፍሬም ላይ «ይህን ያህል ከዞርክ ሙት» የሚል ቁጥር የለም። በሰከንዶች ውስጥ የቤቱ ኔትወርክ በሙሉ ይቆማል። ምልክቱ የማይሳት ነው፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት ያለ ዕረፍት ይንቦገቦጋሉ። ለዚህ መድኃኒት የሆነውን ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ዘዴ ራዲያ ፐርልማን በ1985 (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ፈለሰፈች፤ ስዊቾቹ ተነጋግረው ትርፉን መንገድ ይዘጉታል። ርካሾቹ፣ ሰክተው ብቻ የሚጠቀሙባቸው ስዊቾች ግን ብዙውን ጊዜ ይህ የላቸውም። እንዲህ ሲያጋጥም ስዊቾቹን የሚያገናኙትን ኬብሎች አንድ በአንድ ንቀሉ፤ መብራቱ ድንገት የሚረጋጋበት ኬብል እሱ ነው።

አይፒ አድራሻ፦ ለምን ሌላ ቁጥር አስፈለገ?

ማክ አድራሻ ማን እንደሆነ ይናገራል፤ የት እንዳለ ግን አይናገርም። የዓለምን መሣሪያ ሁሉ በማክ መፈለግ የሰው መታወቂያ ቁጥር ብቻ ይዞ ቤቱን እንደመፈለግ ነው። አይፒ አድራሻ የተሠራው አካባቢንና ባለቤትን አንድ ላይ እንዲይዝ ነው። የተለመደው አራተኛው ስሪት 32 ቢት ርዝመት አለው፤ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 በሆኑ አራት ቁጥሮች ይጻፋል።

የትኛው ክፍል አካባቢ፣ የትኛው ክፍል ባለቤት መሆኑን የሚወስነው ሰብኔት ማስክ ነው። አድራሻው 192.168.1.37፣ ማስኩ 255.255.255.0 ከሆነ 192.168.1 አካባቢው ነው፣ 37 ባለቤቱ። በዚህ አካባቢ 256 ቁጥሮች አሉ፤ 0 የአካባቢው ስም፣ 255 ደግሞ ለሁሉም መላኪያ ስለሆኑ ለመሣሪያ የሚቀሩት 254 ናቸው። ማስኩ 255.255.255.192 ቢሆን ግን ያው አካባቢ አራት ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 64 ቁጥር፣ ለመሣሪያ 62 ይኖረዋል። ያን ጊዜ 192.168.1.37 ከ0 እስከ 63 ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ 192.168.1.70 ደግሞ ከ64 እስከ 127 ባለው። ለዓይን ጎረቤታሞች ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ግን ራውተር ያስፈልጋል።

ማስክ ሲሳሳት የሚፈጠረው ብልሽት ከሁሉ ግራ አጋቢው ነው። አንዱ ኮምፒውተር 255.255.255.0 መሆን ሲገባው በስሕተት 255.255.0.0 ተሰጥቶታል እንበል። ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ አጠገቡ ያለው ፕሪንተርም ይሠራል። በሌላ ክፍል ያለውን 192.168.7.20 ግን አያገኘውም። ምክንያቱም «ይህ እዚሁ ጎረቤቴ ነው» ብሎ ስለሚያምን ለራውተሩ አይሰጠውም፤ በአካባቢው ይጣራል፣ የሚመልስለትም የለም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሁሉም ይሠራል፣ እዚያ ክፍል ብቻ አልገባም አለኝ» የሚል ሰው ካለ ከኬብሉ በፊት ማስኩን ተመልከቱ።

መውጫው በር

ኮምፒውተር የሆነ ነገር ሊልክ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ተቀባዩ በእኔ አካባቢ ነው ወይስ ውጭ? በአካባቢው ከሆነ በቀጥታ ይልክለታል። ውጭ ከሆነ ለጌትዌይ፣ ማለትም ለራውተሩ ያስረክባል። በሁለቱም መንገድ የሚያስፈልገው ማክ አድራሻ ነው፤ ይህን የሚያገኘው አርፕ በተባለ ጥሪ ነው። «192.168.1.1 የማን ነው? ማክህን ንገረኝ» ብሎ ለሁሉም ይጮኻል፤ ባለቤቱ ብቻ ይመልሳል።

የጀማሪ ግራ መጋባት የሚፈታው እዚህ ጋ ነው። ሩቅ ላለ ሰርቨር የሚላከው ፍሬም በላዩ ሁለት ተቀባይ ተጽፎበታል። ማኩ የራውተሩ ነው፣ አይፒው የሰርቨሩ። ራውተሩ ይቀበልና የማኩን ጽሑፍ አውልቆ የቀጣዩን ራውተር ማክ ይጽፋል። ማክ በየጣቢያው ይለዋወጣል፤ የተቀባዩ አይፒ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ፓኬቱ ላይ ደግሞ የዕድሜ ቁጥር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ64 ወይም ከ128 ይነሣል፣ ባለፈበት ራውተር ሁሉ አንድ ይቀነስበታል፣ 0 ሲደርስ ይጣላል፣ የጣለውም ራውተር ለላኪው ያስታውቃል። ትሬስራውት የሚባለው መሣሪያ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ ሆን ብሎ ዕድሜያቸው 1፣ 2፣ 3 የሆኑ ፓኬቶችን እየላከ በመንገዱ ላይ ያሉትን ራውተሮች ስማቸውን እንዲናገሩ ያደርጋል።

አድራሻ አዳዩ

አድራሻ፣ ማስክ፣ ጌትዌይና የስም ሰርቨር፣ እነዚህን አራቱን ለየኮምፒውተሩ በእጅ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ ዲኤችሲፒ ያድላቸዋል። አሠራሩ አራት መልእክት ነው። ኮምፒውተሩ «አዳይ አለ?» ይላል፤ ሰርቨሩ «ይህን ውሰድ» ይላል፤ ኮምፒውተሩ «እሺ፣ ይህን ልያዝ» ይላል፤ ሰርቨሩ ያጸድቃል። የተሰጠው ለዘለቄታ ሳይሆን በኪራይ ነው፤ የኪራዩ ጊዜ ሲጋመስ ኮምፒውተሩ እንዲታደስለት ይጠይቃል።

ሦስት ነገሮች እዚህ ይበላሻሉ። አንደኛው አዳዩ አለመገኘት ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ጥሪው ከዲኤችሲፒ ሰርቨሩ አልደረሰም ወይም ሰርቨሩ አልመለሰም።

ሁለተኛው የአዳዮች መብዛት ነው። አንዱ የዋይፋይ ሽፋን ለማስፋት ሌላ የቤት ራውተር ያመጣና ኬብሉን ለውስጥ ኔትወርክ በተሠራው ቀዳዳ ይሰካል። ያ ራውተር እንደወትሮው አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ የራሱን አድራሻም እንደ ጌትዌይ ይናገራል። ኮምፒውተሮቹ ፈጥኖ የመለሰላቸውን ይቀበላሉ። ውጤቱ ግማሹ ሰው ኢንተርኔት አለው፣ ግማሹ የለውም፤ ነገ ደግሞ ሰዎቹ ይለዋወጣሉ። ራውተርን እንደ አክሰስ ፖይንት ለመጠቀም መጀመሪያ የራሱን ዲኤችሲፒ ማጥፋት፣ ቀጥሎም ከዋናው ራውተር የማይጋጭ አድራሻ መስጠት ነው።

ሦስተኛው ግጭት ነው። ለፕሪንተር በእጅ የተሰጠውን 192.168.1.120 ዲኤችሲፒው ሳያውቅ ለሌላ ስልክ ያድለዋል። ዲኤችሲፒው ከ100 እስከ 199 ያለውን እንዲያድል ከተደረገ በእጅ የሚሰጡት ከዚያ ውጭ፣ ለምሳሌ ከ10 እስከ 50 ይሁኑ። እንግዳ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ ኪራዩን ማሳጠር ይበጃል፤ የ24 ሰዓት ኪራይ ከሆነ ለ10 ደቂቃ ገብቶ የወጣ ስልክ ሁሉ አንድ አድራሻ ይዞ ይውላል፣ 100ውም ቶሎ ያልቃል።

አንድ የውጭ አድራሻ ለሁሉም

32 ቢት ወደ 4.3 ቢሊዮን የሚጠጉ አድራሻዎች ይሰጣል። በየካቲት 2011 የዓለም አቀፉ አዳይ የመጨረሻዎቹን ክምችቶች ለየክፍለ ዓለሙ አከፋፍሎ ጨረሰ። ኢንተርኔቱ ያልቆመው ናት በተባለ ዘዴ ነው። ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተከለሉ አድራሻዎች አሉ፦ በ10 የሚጀምሩት ሁሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ በ192.168 የሚጀምሩት። እነዚህ በኢንተርኔት ላይ አይሄዱም። ስለዚህ ራውተሩ የሚወጣውን ፓኬት የላኪ አድራሻ ፍቆ የራሱን ይተካል፣ የፖርት ቁጥር (ግንኙነቶችን የሚለይ ቁጥር) ይሰጠዋል፣ ማን እንደላከውም ይመዘግባል። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። ከውስጥ የተጀመረ ግንኙነት መዝገብ አለው፤ ከውጭ የሚጀመር ግን የለውም፣ ራውተሩም ለማን እንደሚሰጠው አያውቅም። ከውጭ ሆኖ የቤቱን ካሜራ ማየት የፈለገ ሰው «በዚህ ፖርት የመጣ ለዚህ መሣሪያ ይሰጥ» ብሎ በእጅ መጻፍ አለበት። ጽፎም ካልሠራ የራውተሩን የውጭ አድራሻ ይመልከት። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ አገልግሎት ሰጪው ራሱ ሌላ ናት ከላይ አድርጓል፤ ቤት ውስጥ የሚጻፍ ምንም ነገር አይፈታውም። ስድስተኛው ስሪት አይፒ፣ 128 ቢት ያለው፣ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀር ነው፤ ለእያንዳንዱ መሣሪያ እውነተኛ አድራሻ ይደርሰዋል። ግን ናት ስለሌለ በሩን የሚጠብቀው ፋየርዎል (የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራው መከላከያ) ብቻ እንደሚሆን ማስታወስ ነው።

ስም ወደ ቁጥር

ሰው ስም ይጽፋል፤ ፓኬት ቁጥር ይፈልጋል። ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ሥርዓት፣ ዲኤንኤስን፣ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 ከመንደፉ በፊት የሁሉም ኮምፒውተር ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ተጽፎ ይሰራጭ ነበር። አሁን ሥራው ተከፋፍሏል። ጠያቂው ሰርቨር ከሥሩ፣ ማለትም ከስም ሥርዓቱ መነሻ ሰርቨሮች፣ ይነሣል፤ ሥሩ የመጨረሻውን ቅጥያ የያዘውን ይጠቁመዋል፣ ያ ደግሞ የስሙን ባለቤት ሰርቨር፣ ባለቤቱም ቁጥሩን ይሰጣል። መልሱ ስንት ሰከንድ መቀመጥ እንደሚችል አብሮ ይነገራል። አንድ ድረ ገጽ ሰርቨር ሲቀይር ለአንዱ ተጠቃሚ አዲሱ፣ ለሌላው አሮጌው የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው። ለውጥ ያሰበ ሰው ያን የመቀመጫ ጊዜ አስቀድሞ ወደ 300 ሰከንድ ቢያሳጥረው ይገላገላል።

እዚያ ከደረሰ በኋላ

በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ፕሮግራሞች ይሠራሉ፤ ፓኬቱ ለየትኛው እንደሆነ የሚናገረው የፖርት ቁጥር ነው። (ስዊች ላይ ያለውንም ቀዳዳ ፖርት ማለታችን ጀማሪን ያደናግራል፤ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።) 443 የተመሰጠረ ድረ ገጽ፣ 80 ያልተመሰጠረ፣ 53 የስም ጥያቄ፣ 22 የርቀት ትእዛዝ መስጫ ነው። ከፖርቱ ጋር የማድረሻው ዓይነት ይመረጣል። ቲሲፒ በሦስት መልእክት ተዋውቆ ይጀምራል፣ የጠፋውን ደግሞ ይልካል፣ ተራውንም ይጠብቃል። ዩዲፒ ይልካል፣ በቃ። የድምፅ ጥሪ ዩዲፒን የሚመርጠው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ የሚመጣ ቃል ለማንም ስለማይጠቅም ነው።

ስለ ፍጥነት ሁለት ነገር። የሚሸጠው በቢት ነው፣ የሚወርደው ፋይል የሚለካው በባይት ነው፤ 100 ሜጋቢት ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። ሁለተኛ፣ የመስመር ስፋትና መዘግየት የተለያዩ ናቸው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም፤ የፈለገውን ያህል ቢከፈልበት።

ዋይፋይ ደግሞ እንደ ኬብል አይደለም፤ አየሩ የጋራ ነው። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ቻናል 3 ወይም 4 የመረጠ ሰው ከሁለት ወገን ይረበሻል፣ ሁለቱንም ይረብሻል። የአክሰስ ፖይንቱን ኃይል መጨመርም የሚታሰበውን ያህል አይጠቅም፤ ስልኩ ይሰማል እንጂ የስልኩ ደካማ ድምፅ ተመልሶ አይደርስም። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጽ የማይከፈተው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ሲበላሽ በየት በኩል እንግባ

መጀመሪያ ስዊቹና ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የመስመር መብራት ተመልከቱ። ካልበራ ነገሩ የኬብል፣ የቀዳዳ ወይም የካርድ ነው፤ ሶፍትዌር ውስጥ አትግቡ። ከበራ አድራሻውን እዩ፤ በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት አይፒኮንፊግ የሚለው ትእዛዝ ያሳያል። 169.254 ከሆነ ዲኤችሲፒ ነው። ትክክለኛ ከሆነ ጌትዌዩን ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም «አለህ?» የሚል አጭር መልእክት ልካችሁ መልሱን ጠብቁ። ጌትዌዩ ካልመለሰ ችግሩ ከእናንተ እስከ ራውተሩ ባለው መንገድ ነው። ከመለሰ በውጭ ያለ የታወቀ ቁጥር፣ ለምሳሌ 8.8.8.8፣ ሞክሩ። ይህ ካልመለሰ ከራውተሩ ወዲያ ነው፤ አገልግሎት ሰጪው ዘንድ መደወል የሚገባው ያን ጊዜ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። ቁጥሩ መልሶ ስም ካልሠራ ዲኤንኤስ ነው። ስሙም ቁጥሩም ሠርቶ አንድ ገጽ ብቻ እምቢ ካለ ሰርቨሩ ወይም በመካከል ያለ ፋየርዎል ነው። ፒንግ አልመለሰም ማለት ግን ሁልጊዜ የለም ማለት አይደለም፤ ፒንግን ሆነ ብለው የሚዘጉ ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ አልፎ አሁንም አንዳንድ ገጾች ተከፍተው ሌሎቹ ግማሽ ላይ ቆመው የሚቀሩ ከሆነ የፓኬቱን መጠን ጠርጥሩ። ኤተርኔት በአንድ ፍሬም የሚሸከመው 1500 ባይት ነው። በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገናኘው ፒፒፒኦኢ የተባለው መስመር 8 ባይት ለራሱ ስለሚወስድ 1492 ብቻ ያስተርፋል። ትልቁ ፓኬት ሳያልፍ ሲቀር ራውተሩ «አሳንሰህ ላክ» ብሎ ለላኪው ያስታውቃል፤ ያን ማስታወቂያ የሆነ ፋየርዎል ከዋጠው ላኪው ትልቁን እየደጋገመ ይልካል፣ ገጹም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለማረጋገጥ እንዳይከፋፈል የታዘዘ ፒንግ በ1472 ባይት ላኩ፤ ከ28 ባይት ራስጌው ጋር 1500 ይሞላል። 1472 ቀርቶ 1464 ካለፈ ራውተሩ ላይ ኤምቲዩ (የትልቁ ፓኬት መጠን) የሚለውን 1492 አድርጉት።